በበረዶ ላይ የተተከለ ሚዛን

የሯጭን ፍጥነት ሰዓት ይመሰክራል፤ የዘላይን ርቀት ሜትር ይናገራል፤ ስለዚህም የሩጫውን ገመድ ቀድሞ የበጠሰው ማን እንደ ሆነ ለማወቅ፥ ገመዱን የያዙት ሰዎች ከየት አገር እንደ መጡ የሚጠይቅ የለም። ዳሩ ግን ከጫማው በታች ስለታም ብረት አስሮ፥ በረጋ በረዶ ላይ በዜማ እየተንሸራተተ፥ ወደ አየርም ተነሥቶ ተሽከርክሮ የሚወርድ ሰው፥ እንደ እርሱ ካለው ከሌላው ሰው መብለጡን የሚመሰክር መሣሪያ ስላልተገኘ፥ የዚህ ጥበብ ሚዛን ከጥንት ጀምሮ በሰው ዓይንና በሰው ልቡና ላይ የተመሠረተ ሆኖ ኖሯል። የሰው ልቡና ደግሞ አገር አለው፤ ወገን አለው፤ ውለታም ያውቃል። ፊገር ስኬቲንግ በሚባለው በዚህ ጨዋታ ዳኞች ለየአገራቸው ልጆች ያደሉበትን መንገድ፥ አድልዎውንም ለማስቀረት ሹማምንቱ ያወጡትን ሥርዓት ሁሉ ከመነሻው ጀምረን በዘመን ቅደም ተከተል እንተርካለን፤ ዓመተ ምሕረቱም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

የታሪኩ መነሻ 1892 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት በኔዘርላንድስ የባሕር ዳርቻ በምትገኘው በስኬቨኒንገን የልዩ ልዩ አገሮች መልእክተኞች ተሰብስበው ዓለም አቀፉን የስኬቲንግ ማኅበር መሠረቱ፤ ከአራት ዓመት በኋላም፥ በ1896 ዓ.ም.፥ የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና በሩሲያ በሴንት ፒተርስበርግ ተደርጎ፥ ጊልበርት ፉክስ የተባለው ጀርመናዊ ድል አደረገ። በዚያን ዘመን የተወዳዳሪው ክብር ከሁሉ ይልቅ የሚለካው በዝላዩ ሳይሆን፥ በብረቱ ጠርዝ በበረዶው ላይ በሚጽፈው ቅርጽ ነበር። ተወዳዳሪው በአንድ እግሩ ቆሞ የስምንት ቍጥርን የመሰለ ክብ ይሥላል፤ ያንኑም መስመር ሳይስት ደጋግሞ ይሄድበታል፤ እርሱ ሲጨርስ ዳኞቹ ካፖርታቸውን እንደ ለበሱ ወደ በረዶው ወርደው፥ ብራና እንደሚመረምር ሊቅ አጐንብሰው፥ ክቡ የጐደለ ወይም የጠመመ መሆኑን ያያሉ። ምልክቱ ተጽፎ የሚቀር በመሆኑ ለአድልዎ ቦታ የሌለው ይመስል ነበር፤ ነገር ግን አንዱን መስመር አምስት ዳኞች ሲያነቡት፥ እንደ መጽሐፍ ትርጓሜ «አንድም» እየተባለ፥ ንባቡ በየአንባቢው ይለያይ ጀመር።

ይህ ልዩነት በ1908 ዓ.ም. በለንደን፥ የበረዶ ሸርተቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኦሊምፒክ በገባበት ዓመት፥ በገሃድ ታየ። በአንድ ወገን የስዊድኑ ኡልሪክ ሳልኮቭ ነበር፤ ይህ ሰው በጠቅላላው ዐሥር ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ለመባል የበቃና፥ ዛሬም በስሙ የሚጠራ ዝላይ ያለው ሰው ነው። በሌላው ወገን የቆመው ሩሲያዊ ኒኮላይ ፓኒን ሲባል፥ እውነተኛው ስሙ ኮሎሜንኪን ነበር፤ ደራሲ በብዕር ስም እንደሚጽፍ እርሱም በተውሶ ስም ይወዳደር ነበርና። የግዴታው ቅርጽ ተሥሎ ሳልኮቭ መምራቱ በታወቀ ጊዜ፥ ፓኒን ዳኝነቱ ወደ ስዊድናዊው ያዘነበለ ነው ብሎ ከቀረው ውድድር ወጣ፤ ሳልኮቭም ወርቁን ወሰደ። ሩሲያዊው ግን ተወዳዳሪው ራሱ የፈጠረው ረቂቅ ቅርጽ በሚሣልበት በሌላው ውድድር ቀርቦ አሸነፈ፤ ለአገሩም የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ወርቅ አስገኘ። የፓኒን ቅሬታ የአንድ የተከፋ ሰው ቅሬታ ተብሎ ታለፈ፤ በማኅበሩም ደንብ ላይ ያስከተለው ለውጥ አልነበረም።

ደንቡን ያስለወጠው ነገር የመጣው ከዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው። በ1927 ዓ.ም. በየካቲት ወር የሴቶች የዓለም ሻምፒዮና በኖርዌይ ዋና ከተማ በኦስሎ ሲደረግ፥ ከ1922 እስከ 1926 ዓ.ም. አምስት ዓመት ሙሉ ክብሩን ሳታስነጥቅ የያዘችው የኦስትሪያዋ ሄርማ ሳቦ፥ ገና ዐሥራ አራት ዓመት ከሆናት ከኖርዌያዊቱ ከሶንያ ሄኒ ጋር ቀረበች። ለፍርድ የተቀመጡት ዳኞች አምስት ነበሩ፤ ከአምስቱም ሦስቱ ኖርዌያውያን፥ አንዱ ኦስትሪያዊ፥ አንዱ ጀርመናዊ ነበሩ። ሁለቱ ልጃገረዶች ጥበባቸውን አሳይተው ከበረዶው በወረዱ ጊዜ፥ ሦስቱ ኖርዌያውያን ሶንያን አንደኛ አደረጉ፤ ኦስትሪያዊውና ጀርመናዊው ደግሞ ሄርማን አስቀደሙ። ሦስት ከሁለት ስለሚበልጥ አክሊሉ በአገሯ ሕዝብ ፊት ለሶንያ ተሰጠ። ያን ቀን ከኖርዌይ አንድ ዳኛ ብቻ በወንበሩ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ፍርዱ ይገለበጥ እንደ ነበር ለማወቅ፥ የሕፃን ልጅ የጣት ቈጠራ ይበቃ ነበር። ሄርማ ሳቦም ከዚህ በኋላ በነጠላ ለዓለም ሻምፒዮና ሳትቀርብ ቀረች።

እውነቱን ለመናገር ሶንያ ሄኒ ለአክሊሉ የማትበቃ ልጅ አልነበረችም፤ ከዚያ በኋላ በ1928፥ በ1932 እና በ1936 ዓ.ም. ሦስት የኦሊምፒክ ወርቅ፥ በድምሩም ዐሥር የዓለም ሻምፒዮንነት ማግኘቷ ለዚህ ምስክር ነው። የአድልዎ ክፋቱም በዚሁ ይታያል፤ የሚገባውን ሰው እንኳ የሚገባውን እንዳላገኘ አድርጎ ያሳማዋልና። ማኅበሩ የሕዝቡን ማጕረምረም ሰምቶ፥ ከእንግዲህ ወዲህ በአንድ ውድድር ላይ ከአንድ አገር ከአንድ ዳኛ በላይ እንዳይቀመጥ ሥርዓት ሠራ። መድኀኒቱ ለበሽታው ልክ ነበር፤ በሽታው በገሃድ የሚታይ የቍጥር ብልጫ ስለ ነበረ፥ መድኀኒቱም ቍጥሩን ማስተካከል ሆነ። ከዚያ በኋላ በወንበሩ ላይ ሁለት ኖርዌያውያን ወይም ሁለት ኦስትሪያውያን ጐን ለጐን ተቀምጠው አልታዩም።

ዳሩ ግን ብቻውን የቀረ ሰው ወዳጅ ይፈልጋል። የፍርዱ አሠራር ራሱም ወዳጅ መፈለግን የሚያለማምድ ነበር። እያንዳንዱ ዳኛ ከዜሮ እስከ ስድስት የሚደርስ ነጥብ ይሰጣል፤ ስድስት ማለት እንከን የለሽ ማለት ነው፤ ነገር ግን ነጥቡ ራሱ ተደምሮ አሸናፊውን አይለይም ነበር፤ ዳኛው ማንን አንደኛ፥ ማንን ሁለተኛ እንዳደረገ ለማሳየት ብቻ ያገለግል ነበር። ዘጠኝ ዳኞች ቢቀመጡ የአምስቱን አንደኝነት ያገኘ አሸነፈ ማለት ነው። እንግዲህ ለወገኑ ድል የሚመኝ ዳኛ ስምንቱን ሁሉ ማሳመን አያስፈልገውም፤ አራት ወዳጆች ይበቁታል። ለእነዚህም ወዳጆች የሚከፍለው ገንዘብ ሳይሆን የራሱን ድምፅ ነው፤ ዛሬ በጥንዶች ውድድር አንተ ለእኔ፥ ነገ በዳንስ ውድድር እኔ ለአንተ። በአገራችን እከክልኝ ልከክልህ የሚባለው ውል በበረዶው ሜዳ ዙሪያ እንዲህ ሆኖ ተተከለ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዓለም በምሥራቅና በምዕራብ ስትከፈል የዳኞቹም ወንበር አብሮ ተከፈለ። ሕዝቡም ይህን እያየ ዝም ብሎ አልተቀመጠም፤ በ1956 ዓ.ም. በኢጣልያ በኮርቲና ዳምፔዞ በተደረገው ኦሊምፒክ፥ ማሪካ ኪሊየስና ፍራንዝ ኒንገል ለተባሉት ወጣት ጀርመናውያን ጥንዶች የተሰጠው ነጥብ አነሰ ብሎ የተቈጣው ተመልካች ዳኞቹን በብርቱካን ደበደባቸው። ማኅበሩም በየጊዜው ከፍ ያለ አድልዎ የታየበትን ዳኛ አንድ በአንድ ይቀጣ ነበር፤ በመጨረሻ ግን ነገሩ የአንድ ሰው ጥፋት አለመሆኑን ተረድቶ፥ በ1977 ዓ.ም. ከዚያ በፊት ያላደረገውን አደረገ፤ የሶቪየት ኅብረት ዳኞች በሙሉ ለተከታዩ የውድድር ዘመን በየትኛውም የዓለም መድረክ እንዳይዳኙ አገደ። የሶቪየት ተወዳዳሪዎች ግን መወዳደራቸውን ቀጠሉ፤ ማሸነፋቸውንም አላቋረጡም። የግዞቱ ዓመት ሲያልቅ ዳኞቹ ወደ ወንበራቸው ተመለሱ፤ የላካቸውም ያው የአገራቸው ፌዴሬሽን ነበር።

በዚህ ላይ ጥቂት መቈየት ያስፈልጋል። የበረዶ ሸርተቴን ዳኛ ለዓለም አቀፍ ውድድር የሚያቀርበው የገዛ አገሩ ፌዴሬሽን ነው። በሚቀጥለውም ዓመት ወደ ትልቁ ውድድር ተልኮ በክብር ወንበር መቀመጥ ወይም በቤቱ መቅረት በዚያው ፌዴሬሽን ፈቃድ ይወሰናል። ስለዚህም ዳኛው በሁለት ጌቶች መካከል የቆመ አገልጋይ ነው፤ አንዱ ጌታው ሕሊናው ሲሆን፥ ሁለተኛው የአውሮፕላን ቲኬቱን የሚቈርጥለት ነው።

በ1998 ዓ.ም. በጃፓን በናጋኖ በተደረገው ኦሊምፒክ የወዳጅነቱ ውል ድምፁ ተሰማ። የካናዳዋ ዳኛ ዣን ሴንፍት፥ ዩሪ ባልኮቭ ከተባለው ዩክሬናዊ ዳኛ ጋር በስልክ ስትነጋገር፥ ባልኮቭ የዳንሱ ውድድር ሳይፈጸም ተወዳዳሪዎቹን በየትኛው ተራ እንደሚያስቀምጣቸው ሲነግራት በቴፕ ቀዳችው። ቴፑ ለማኅበሩ ሹማምንት ቀርቦ ባልኮቭ ለአንድ ዓመት ታገደ። ነገር ግን ከሳሿም ነጻ አልወጣችም፤ የራሷ ነጥብ ተመርምሮ ወደ ካናዳውያን ያደላ ሆኖ ስለ ተገኘ እርሷም ለስድስት ወር ታገደች። እንግዲህ ሌባውን የያዘ ሰው ራሱ ከሌባው ጐን ታሰረ ማለት ነው፤ ይህም ፍርድ ትክክል ቢሆንም ባይሆንም፥ ወደ ፊት ምሥጢር ለማውጣት ለሚያስብ ዳኛ ያስተማረው ትምህርት ዝምታን ነበር። በዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ትልቅ ሥልጣን የነበራቸው ካናዳዊው ዲክ ፓውንድ፥ የዳንሱ ዳኝነት ካልታረመ ጨዋታው ከኦሊምፒክ ሊወጣ እንደሚችል አስጠነቀቁ። ማስጠንቀቂያው ከተሰማ ጥቂት ቈይቶ፥ በ1999 ዓ.ም. በሄልሲንኪ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና፥ አንድ ሩሲያዊና አንድ ዩክሬናዊ ዳኛ በጥንዶቹ ውድድር ጊዜ በእግር ምልክት ሲነጋገሩ የካናዳ ቴሌቪዥን ካሜራ ያዛቸው፤ ሁለቱም ታገዱ።

ከሁሉ የሚበልጠው ነውር ግን በ2002 ዓ.ም. በአሜሪካ በሶልት ሌክ ሲቲ ኦሊምፒክ ተገለጠ። በጥንዶች ውድድር ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ 1998 ዓ.ም. የተደረጉትን ዐሥሩንም የኦሊምፒክ ወርቆች ያለማቋረጥ የወሰዱት የሶቪየት ልጆችና ተተኪዎቻቸው ሩሲያውያን ነበሩ። በዚያ ዓመት ይህን ቅርስ ይዘው የቀረቡት ዬሌና ቤሬዥናያና አንቶን ሲካሩሊድዜ ናቸው። ዬሌና ከስድስት ዓመት በፊት በልምምድ ላይ ሳለች የቀድሞ ጓደኛዋ የጫማ ብረት ራሷን መቶ አጥንቱን ሰብሮት፥ ንግግር እንኳ ጠፍቶባት እንደ ነበረ የሚያስታውስ ሰው፥ እንደ ገና በበረዶ ላይ መቆሟን ከተአምር ይቈጥረው ነበር። ከእነርሱም ጋር የተፎካከሩት ካናዳውያኑ ጄሚ ሳሌና ዴቪድ ፔሌቲዬ ነበሩ።

በየካቲት 11 ቀን ሌሊት ሩሲያውያኑ ረቂቅና ከባድ የሆነውን ትርኢታቸውን አሳዩ፤ ነገር ግን ሲካሩሊድዜ ድርብ አክስል ከሚባለው ዝላይ ሲወርድ እግሩ ተናጋ። ካናዳውያኑ ደግሞ ቀለል ያለ ትርኢት ይዘው ቢቀርቡም ያለ አንዳች ስሕተት ፈጸሙ፤ ተመልካቹም ከመቀመጫው ተነሥቶ ስድስት ነጥብ እንዲሰጣቸው ይጮኽ ጀመር። ነጥቡ በሰሌዳው ላይ በወጣ ጊዜ የሩሲያ፥ የቻይና፥ የፖላንድ፥ የዩክሬንና የፈረንሳይ ዳኞች ሩሲያውያኑን አንደኛ አድርገው ተገኙ፤ የአሜሪካ፥ የካናዳ፥ የጀርመንና የጃፓን ዳኞች ካናዳውያኑን አስቀደሙ። አምስት ከአራት ሆነ። የቀዝቃዛው ጦርነት ካበቃ ከዐሥር ዓመት በኋላ የዳኞቹ ወንበር እንደ ዱሮው በምሥራቅና በምዕራብ ተከፍሎ ታየ፤ ከድሮው ድንበር አልፋ ወደ ማዶ የተገኘችው አንዲት ምዕራባዊት ብቻ ነበረች፤ እርስዋም ፈረንሳዊቷ ማሪ ሬን ለ ጉኝ ነበረች።

ዳኞቹና ሹማምንቱ ባረፉበት ሆቴል አዳራሽ፥ የማኅበሩ የቴክኒክ ኮሚቴ ሰብሳቢ የነበሩት እንግሊዛዊቷ ሳሊ ስቴፕልፎርድ ለ ጉኝን አግኝተው ስለ ፍርዱ በጠየቋት ጊዜ፥ ሴቲቱ እያለቀሰች ነገሩን እንደ ተናዘዘች ምስክሮች ተናገሩ። የኑዛዜውም ቃል ይህ ነበር፤ የፈረንሳይ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ዲዲዬ ጋያጌ ለሩሲያውያኑ እንድትፈርድ አስገድደዋታል፤ በለውጡም ፈረንሳውያኑ ማሪና አኒሲናና ግዌንዳል ፔይዜራ በዳንሱ ውድድር የሩሲያን ድምፅ ያገኛሉ። በማግሥቱም የዳኞቹ አለቃ አሜሪካዊው ሮን ፌኒንግ በመሩት ስብሰባ ላይ ይህንኑ ነገር ደገመችው። ጥቂት ቀን ቈይታ ግን ቃሏን አጠፈች፤ ግፊቱ የመጣብኝ ከካናዳውያኑ ወዳጆች ነው፥ እኔስ የፈረድሁት ሕሊናዬ የነገረኝን ነው አለች። ጋያጌም ምንም አላደረግሁም ብለው ካዱ።

የሕዝቡ ቍጣና የጋዜጦች ጩኸት እየጨመረ ስለ ሄደ፥ የስኬቲንግ ማኅበሩ ፕሬዚዳንት ኦታቪዮ ቺንኳንታና የኦሊምፒክ ኮሚቴው ፕሬዚዳንት ዣክ ሮግ በየካቲት 15 ቀን፥ ለካናዳውያኑም ወርቅ እንደሚሰጥ አስታወቁ። ከሁለት ቀን በኋላ አራቱ ወጣቶች በአንድ ሰገነት ላይ ቆመው ሁለት ሰንደቅ ዓላማ ተሰቀለ፤ ሁለት የሕዝብ መዝሙርም ተዘመረ። ሩሲያውያኑ ወርቃቸውን አልተነጠቁም፤ ምክንያቱም በደሉን የሠራ ዳኛ እንጂ ተወዳዳሪ አልነበረም። በየካቲት 18 ቀን ደግሞ አኒሲናና ፔይዜራ የዳንሱን ወርቅ ወሰዱ። ለ ጉኝና ጋያጌ ለሦስት ዓመት ታገዱ፤ ከ2006ቱም ኦሊምፒክ ተከለከሉ። በሐምሌ ወርም አሊምዣን ቶክታኩኖቭ የተባለ ሰው ፍርዱን በሥውር አደራድሯል ተብሎ በአሜሪካ መንግሥት ክስ በኢጣልያ ተያዘ፤ የኢጣልያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ግን ለአሜሪካ ተላልፎ እንዲሰጥ ባለመፍቀዱ ተለቀቀ።

ከዚህ በኋላ ማኅበሩ ሁለት ታላላቅ ለውጦች አደረገ። አንደኛው ከስድስት የሚቈጠረውን የጥንቱን ነጥብ በ2004 ዓ.ም. ሽሮ፥ እያንዳንዱ ዝላይና እያንዳንዱ ሽክርክሪት የራሱ ዋጋ ያለው አዲስ አቈጣጠር ማቆሙ ነው። በዚህ ሥርዓት ዳኛው ተወዳዳሪዎቹን በተራ አያስቀምጥም፤ ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ጥራት ነጥብ ይሰጣል፤ ከዳኞቹም ነጥብ ከፍተኛውና ዝቅተኛው ተጥሎ የቀረው ይካፈላል። ይህ ለውጥ በ2006 ዓ.ም. በቶሪኖ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ላይ ሠራ፤ ጨዋታውንም ብዙ ጠቀመ።

ሁለተኛው ለውጥ ግን የሚያስደንቅ ነበር። ማኅበሩ፥ ዳኛው የተስማማበትን ውል መፈጸሙን ተዋዋዩ እንዳያውቅ ከሆነ ውሉ ይፈርሳል ብሎ አሰበ፤ ስለዚህም የትኛው ነጥብ የየትኛው ዳኛ እንደ ሆነ እንዳይታወቅ ስሙን ሠወረው፤ በተጨማሪም ከተቀመጡት ዳኞች የአንዳንዶቹን ነጥብ ኮምፒዩተር በዕጣ መርጦ እንዲጥል አደረገ። በዋርካ ጥላ ሥር ሸንጎ ሲቀመጥ ማን ምን ብሎ እንደ ፈረደ ሕዝብ ሁሉ ሰምቶ በሚበተንበት አገር ላደገ ሰው፥ ፍርድን ከሐሜት ለማዳን የፈራጁን ስም መደበቅ ግራ የሚያጋባ ጥበብ ነው። በማኅበሩም ውስጥ የተቃወሙ ነበሩ፤ ስቴፕልፎርድና ፌኒንግ ከሌሎች ጋር ሆነው በ2003 ዓ.ም. ሌላ የዓለም ማኅበር ለማቆም ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም፤ ኑዛዜውን የሰሙት ሴትና ስብሰባውን የመሩት ሰውም ከዓለም አቀፉ ማኅበር ሥራ ተወገዱ።

በዚህ ጊዜ ነገሩን በቍጥር የመረመረ አንድ ሊቅ ተነሣ። ኤሪክ ዚትዘዊትዝ የተባለው አሜሪካዊ የኢኮኖሚ ምሁር በመጀመሪያ የበረዶ ሸርተቴን ዳኞች በስኪ ዝላይ ከሚፈርዱት ዳኞች ጋር አነጻጸረ። በሁለቱም ዘንድ ዳኛ ለአገሩ ልጅ ማድላቱን አገኘ፤ ልዩነቱ ከባልንጀሮቹ ላይ ነበር። በስኪ ዝላይ አንዱ ለወገኑ ሲያደላ ሌሎቹ ነጥባቸውን ዝቅ አድርገው ያቃኑታል፤ በበረዶ ሸርተቴ ግን ሌሎቹም አብረው ከፍ ያደርጋሉ፤ ይህም የድምፅ ልውውጥ መኖሩን ያመለክታል። የስኪ ዝላይ ዳኞችን የሚመርጣቸው ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ሲሆን፥ የበረዶ ሸርተቴዎቹን የሚልካቸው የየአገራቸው ፌዴሬሽን መሆኑን አንባቢ ያስታውስ። በኋላም ይኸው ሊቅ ስም ከመሠወሩ በፊትና ከተሠወረ በኋላ የነበረውን ዘመን አስተያይቶ፥ ዳኛ ከወገኑ ጋር ሲገናኝ የሚታየው አድልዎ አዲሱ ሥርዓት ከወጣ ወዲህ በጥቂቱ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም ሲል ጻፈ። ከድጡ ወደ ማጡ የሚባለው ይህ ነው። መጋረጃው ተዋዋዮቹን እርስ በርሳቸው ይደብቃቸዋል ተብሎ ተሰቀለ፤ የደበቃቸው ግን ከሕዝቡ ዓይን ነበር።

በ2014 ዓ.ም. በሩሲያ በሶቺ የሆነው ነገር ይህን ሰወራ ለዓለም ሁሉ አሳየ። በአጭሩ ትርኢት የደቡብ ኮሪያዋ ዩና ኪም 74.92፥ ሩሲያዊቷ አዴሊና ሶትኒኮቫ 74.64 አግኝተው ለረጅሙ ትርኢት ቀረቡ፤ በፍጻሜው ሶትኒኮቫ በ224.59 ነጥብ ወርቁን ስትወስድ፥ ኪም 219.11 አግኝታ ሁለተኛ ወጣች። ሶትኒኮቫ ሰባት ሦስት ዙር የሚሽከረከሩ ዝላዮች ስትሠራ ኪም የሠራችው ስድስት ነበር፤ ስለዚህ በአዲሱ አቈጣጠር ማሸነፏ ትክክል ነው ያሉ አዋቂዎች አልጠፉም። ግን ከዳኞቹ ወንበር ላይ እነማን ተቀምጠው ነበር? በናጋኖ ምክንያት ታግዶ የነበረው ዩሪ ባልኮቭ አንዱ ነበር፤ ሌላዋ አላ ሼኮቭትሶቫ፥ የሩሲያን ፌዴሬሽን ለብዙ ዘመን የመሩት የቫለንቲን ፒሴዬቭ ባለቤት ነበሩ። ከውድድሩ በኋላ ሼኮቭትሶቫ ሶትኒኮቫን ሲያቅፉ ታዩ። ኮሪያውያን አቤቱታ አቀረቡ፤ ማኅበሩ አልተቀበለውም። እነዚህ ሁለት ዳኞች ያደሉ ይሁኑ ወይም በእውነት የፈረዱ፥ ማንም ሊያስረዳ አልቻለም፤ የሰጡት ነጥብ ከሌሎቹ ጋር ተደባልቆ ያለ ስም ተጽፎ ነበርና። ከሳሽ ማስረጃ እንዳያገኝ ያደረገው ያው መጋረጃ፥ ንጹሕ የሆነም ዳኛ ቢኖር ንጽሕናውን እንዳያሳይ ከለከለው፤ ልጅቷም ልክ እንደ ሶንያ ሄኒ በገዛ አገሯ ሕዝብ ፊት ባገኘችው ድል ስትታማ ቀረች።

በ2016 ዓ.ም. በክሮኤሽያ በዱብሮቭኒክ ከተማ የማኅበሩ ጉባኤ ተሰብስቦ፥ ለሃያ ሁለት ዓመት በመንበሩ የቆዩት ቺንኳንታ ሥልጣናቸውን ለኔዘርላንዳዊው ለያን ዳይክማ ሲያስረክቡ፥ በዚያው ጉባኤ የስም መሠወር ሥርዓት ተሻረ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ነጥብ ከሰጪው ስምና አገር ጋር ለሕዝብ መገለጥ ጀመረ።

ፍሬውም ብዙ አልዘገየም። በ2018 ዓ.ም. በኮሪያ በፒዮንግቻንግ በተደረገው ኦሊምፒክ በጥንዶች ውድድር ጀርመናውያኑ አልዮና ሳቭቼንኮና ብሩኖ ማሶ 235.90 አግኝተው፥ 235.47 ያገኙትን ቻይናውያኑን ሱይ ዌንጂንግንና ሃን ትሶንግን በ0.43 ነጥብ ብቻ በለጡ። ልዩነቱ ይህን ያህል ሲጠብ የአንድ ሰው አድልዎ ወርቁን ከአንዱ አንገት ወደ ሌላው ሊያሻግረው ይችል ነበር። ማኅበሩ በስም የተጻፉትን ነጥቦች ሲመረምር፥ በዚህ ውድድር የዳኘው ሁዋንግ ፌንግ ለአገሩ ልጆች፥ በወንዶቹም ውድድር የዳኘችው ቸን ዌይጓንግ ለአገሯ ልጅ ለጂን ቦያንግ፥ ከሌሎቹ ዳኞች ሁሉ ያለ ልክ ርቀው አድልተው አገኛቸው። ሁዋንግ ለአንድ ዓመት፥ ቸን ለሁለት ዓመት ታገዱ፤ ቸን ደግሞ በገዛ አገሯ በቤጂንግ በ2022 ዓ.ም. ከተደረገው ኦሊምፒክ ተከለከለች። ይህን ፍርድ ለመስጠት የስልክ ቴፕ፥ የቴሌቪዥን ካሜራ፥ በሆቴል አዳራሽ የፈሰሰ እንባም አላስፈለገም፤ ስሙና ነጥቡ በአንድ ወረቀት ላይ ጐን ለጐን መጻፋቸው በቃ።

ከኦስሎ እስከ ፒዮንግቻንግ ዘጠና አንድ ዓመት ሆነ። በዚህ ሁሉ ዘመን ዳኛ ለወገኑ ማድላቱን አልተወም፤ ይተዋል ብሎ ተስፋ የሚያደርግም ያለ አይመስለኝም፤ አሁንም ወደ ውድድሩ የሚልከው የአገሩ ፌዴሬሽን ነውና። ማኅበሩ የዳኞቹን ቍጥር አስተካከለ፤ አገርን በሙሉ አገደ፤ ነጥቡን ለወጠ፤ መጋረጃም ሰቀለ፤ በመጨረሻ የደረሰበት ግን በመጀመሪያ በእጁ የነበረው ነው። የ1927ቱ የኦስሎ ፍርድ ሦስት ከሁለት መሆኑን ዛሬ ለማወቅ የቻልነው፥ እነዚያ አምስት ዳኞች የሰጡት ነጥብ ከየስማቸውና ከየአገራቸው ጋር ስለ ተጻፈ ነው።